ኪሎ ሜትር ወይስ ፍጥነት? የውድብሪጅ ወጣት ሯጮችና የተረሳው ዝግታ

ውድብሪጅ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ደቡብ፣ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ዳር የምትገኝ የቨርጂኒያ ከተማ ናት። የአሌክሳንድሪያና የሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ዋጋ ያስመረራቸው በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ወደዚህችው ከተማና ወደ አካባቢዋ ተሻግረው ልጆቻቸውን እያሳደጉ ነው። ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከስፖርት ዓይነቶች ሁሉ ቀድሞ የሚታሰብላቸው ሩጫ ነው። ስማቸው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያስተዋለ አሠልጣኝ እንዲሞክሩ ይጋብዛቸዋል፤ ወላጅም የኃይሌንና የደራርቱን ስም እየጠራ ያበረታታል። ከዚያ በኋላ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጁ በሳምንት ስንት ማይል ይሩጥ?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ወላጆችን፣ አሠልጣኞችንና ራሳቸውን ሯጮቹን በሁለት ጎራ ከፍሏል። አንደኛው ወገን ርቀት ሁሉን ነገር ያመጣል ባይ ነው፤ የኢትዮጵያ አትሌቶች ዓለምን ያስደነቁት ጠዋት ማታ እየሮጡ ስለሆነ ልጁም እንደነርሱ ኪሎ ሜትር ማከማቸት አለበት ይላል። ሁለተኛው ወገን ሁለት ደቂቃ ለማይሞላ የ800 ሜትር ውድድር በሳምንት 50 ማይል መልፋት ምን ይረባል ሲል ይጠይቃል፤ መፍትሔው መም ላይ ወጥቶ ሰዓት እያስያዙ በፍጥነት መሮጥ ነው ብሎ ያምናል። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ቁራጭ ይዘዋል። ሁለቱም የዘነጉት ጉዳይ ግን ከያዙት ይበልጣል፤ እርሱም ቀላል የተባለው ሩጫ በእርግጥ ቀላል ሆኖ መሮጡ ነው።

በቅድሚያ ስለ አኀዙ አንድ ነገር ማስተካከል ይገባል። በአገር ቤት የአትሌቶች ልምምድ የሚነገረው በኪሎ ሜትር ሲሆን በአሜሪካ ደግሞ በማይል ነው። አንድ ማይል ከ1.6 ኪሎ ሜትር በጥቂቱ ይበልጣል። ስለዚህ "እገሌ በሳምንት 150 ይሮጣል" የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ የሰማ ወላጅ አኀዙን ሳይመነዝር ወደ ውድብሪጅ ቢያመጣው በልጁ ሸክም ላይ 60 በመቶ ጨመረበት ማለት ነው። ከዚህም በላይ እገሌ የተባለው አትሌት 150ውን የደረሰው ከስንት ዓመት ልምምድ በኋላ እንደሆነ፣ ከውስጡም ምን ያህሉ በዝግታ እንደተሮጠ ወሬው አይናገርም።

መካከለኛ ርቀት የሚባሉት በዋናነት 800 እና 1500 ሜትር ናቸው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1500 ፋንታ 1600 ሜትር ይሮጣል። እነዚህን ውድድሮች አስቸጋሪ የሚያደርጋቸው ሰውነት በሁለት የኃይል ምንጮች በአንድ ጊዜ እንዲጠቀም ማስገደዳቸው ነው። አንደኛው ምንጭ ኦክስጅንን እየተጠቀመ ቀስ ብሎ ግን ሳይነጥፍ ኃይል ያመነጫል። ሁለተኛው ኦክስጅንን ሳይጠብቅ በፍጥነት ኃይል ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ በጡንቻ ውስጥ አሲድ ይከማቻል፣ እግር ይተሳሰራል፣ የመጨረሻዎቹ 100 ሜትሮች ከመሬት ጋር ትግል ይሆናሉ።

የሁለቱ ምንጮች ድርሻ ስንት ነው? በዚህ ላይ በ2001 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይፋ የሆነው የአውስትራሊያውያኑ የስፔንሰርና የጋስቲን ጥናት ብዙዎችን አስገርሞ ነበር። በሠለጠኑ ሯጮች ላይ በተደረገው ልኬት በ400 ሜትር ከጠቅላላው ኃይል 43 በመቶ፣ በ800 ሜትር 66 በመቶ፣ በ1500 ሜትር ደግሞ 84 በመቶ የተገኘው በኦክስጅን ነው። ስለዚህ 800 ሜትር "ረዘም ያለ የአጭር ርቀት ሩጫ" ነው የሚለው አባባል አያስኬድም። ከሚያስፈልገው ኃይል ሁለት ሦስተኛው የሚመጣው የረጅም ርቀት ሯጭ ከሚጠቀምበት ከዚያው ምንጭ ነው። ርቀት ወዳዱ ወገን እዚህ ላይ ትክክል ነው።

ይሁንና ቀሪው ሲሶ እንደ ትርፍ የሚታይ አይደለም። ውድድሩ የሚቆረጠው በርሱ ነው። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች 1500 ሜትር ፍጻሜ የብርና የነሐስ ሜዳሊያን የለየው የሰከንድ አንድ መቶኛ ነበር፤ ጆሽ ከር 3:27.79፣ ያሬድ ንጉሤ 3:27.80። እንዲህ ባለ ፍጻሜ ላይ ጽናት ብቻውን አያበቃም። ምሩፅ ይፍጠርን "ማርሽ ቀያሪው" ያሰኘው፣ በ1980 በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያስገኘለት፣ ከረጅሙ ርቀት በኋላ ተፎካካሪዎቹ ያልነበራቸውን ፍጥነት ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ መዘዝ ማድረጉ ነው። ለረጅም ርቀት ሯጭ ይህን ያህል ያስፈለገ ፍጥነት ለ1500 ሜትር ሯጭ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መገመት አይከብድም።

ቀላል ሩጫና ጠንካራ ሩጫ በሰውነት ላይ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ለረጅም ጊዜ በዝግታ የሚሮጥ ሰው ልቡ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻው ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ኦክስጅንን ወደ ኃይል የሚለውጡት ማይቶኮንድሪያ የተባሉት የሕዋስ ክፍሎች በቁጥርም በአቅምም ያድጋሉ። ይህ ሁሉ የወራትና የዓመታት ሥራ ነው። ፈጣን ሩጫ በበኩሉ ነርቭና ጡንቻ እንዲናበቡ፣ እርምጃው እንዲቀና፣ ሰውነት አሲዱን እንዲቋቋም ያደርጋል። የዚህኛው ውጤት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰዓት ላይ ይታያል። አሳሳቹም ይኸው ነው። በመጋቢት በሳምንት ሦስት ጊዜ ኢንተርቫል የሠራ ልጅ በሚያዝያ የራሱን ምርጥ ሰዓት ያሻሽላል፤ ወላጅ ይደሰታል፣ አሠልጣኝ ይመሰገናል። በግንቦት ሰዓቱ ባለበት ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚሳለው ስለት መሠረት አልነበረውምና።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ሮጀር ባኒስተር ግንቦት 6 ቀን 1954 ኦክስፎርድ ላይ ማይልን በ3:59.4 ሮጦ ከአራት ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን የሕክምና ተማሪ ስለነበር ብዙ ለመሮጥ ጊዜ አልነበረውም። ዋናው ልምምዱ ሩብ ማይልን በአጭር እረፍት አሥር ጊዜ መመላለስ ነበር። ለጥንካሬ ደጋፊዎች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በኒውዚላንድ አርተር ሊዲያርድ የተባለ አሠልጣኝ ይህን ሁሉ ገለበጠው። የ800 ሜትር ሯጩን ፒተር ስኔልን ከማራቶን ሯጮች ጋር በሳምንት 100 ማይል፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ በተራራማ መንገድ 22 ማይል ያስሮጠው ጀመር። ሰዎች ልጁን ሊያበላሸው ነው አሉ። ስኔል በ1960 በሮም የ800 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ በ1964 በቶኪዮ 800ንም 1500ንም አሸነፈ።

ከሊዲያርድ ትምህርት ብዙዎች የያዙት "100 ማይል" የሚለውን አኀዝ ብቻ ነው። ሊዲያርድ ግን መቶውን ማይል ከመም ልምምድ ጋር አልቀላቀለም። በቅድሚያ ለወራት ርቀት፣ ቀጥሎ ለሳምንታት ዳገት፣ በመጨረሻ ወደ ውድድሩ ሲቃረብ ፍጥነት ነበር ሥርዓቱ። ቁም ነገሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ሴባስቲያን ኮ በመሐንዲስ አባቱ በፒተር ኮ አሠልጣኝነት፣ ርቀትን ቀንሶ ፍጥነትን ዓመቱን ሙሉ አለመልቀቅ በሚል መንገድ በ1981 800 ሜትርን በ1:41.73 ሮጠ። የኮ ሳምንታዊ ርቀት ስንት ነበር የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ማሟሟቂያውና በመሀል ያሉት የዝግታ ሩጫዎች ይቆጠሩ አይቆጠሩ የሚለው ጉዳይ አኀዙን ወዲያና ወዲህ ይወስደዋልና። ሳምንታዊ ርቀት በራሱ ምን ያህል አደናጋሪ መለኪያ እንደሆነ ይህ ብቻ ያሳያል።

የኢትዮጵያ ተሞክሮስ ምን ይላል? ኢትዮጵያ የረጅም ርቀት አገር ናት የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ቢሆንም የመካከለኛ ርቀት መዝገቧ ቀላል አይደለም። ገንዘቤ ዲባባ በሐምሌ 2015 በሞናኮ 1500 ሜትርን በ3:50.07 ሮጣ ለ22 ዓመታት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። የአሰላው ልጅ መሐመድ አማን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ዴቪድ ሩዲሻን አሸንፎ በ2013 በሞስኮ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሳሙኤል ተፈራ በ2019 በርሚንግሃም ላይ የቤት ውስጥ የ1500 ሜትር ክብረ ወሰንን በ3:31.04 አሻሽሏል። ፅጌ ዱጉማ በፓሪስ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር ብር አግኝታለች። ጉዳፍ ፀጋይ ደግሞ በ2021 የቤት ውስጥ የ1500 ሜትር ክብረ ወሰን ካስመዘገበች በኋላ በ2023 በቡዳፔስት የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በአንድ ሰው እግር ላይ ርቀትና ፍጥነት እንዲህ ተስማምተው ሲኖሩ ጠላት አድርጎ የሚያከራክራቸው ወገን ቢያንስ ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል።

የኢትዮጵያ አትሌቶች ልምምድ ለውጭ ተመልካች የሚያስደንቀው በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በዝግታውም ነው። በእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ማልደው የሚሮጡ አትሌቶች ተከታትለው፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እግር እያየ፣ አንዳንዴም በእግር ከመሄድ ብዙም በማይለይ ፍጥነት ይሮጣሉ። የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው እንዲህ ሲሮጥ ያየ የውጭ አገር ጎብኚ ተከትሎ መሮጥ የሚችል ይመስለዋል። ለፈጣን ሩጫ ደግሞ ቦታው ይለወጣል፤ የሰንዳፋ አስፋልት፣ ዝቅና ሞቅ ያለው የአቃቂ ምድር፣ የሱሉልታ ሜዳ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው። የት እንደሚሮጥ የወሰነ አሠልጣኝ በምን ፍጥነት እንደሚሮጥም ወስኗል ማለት ነው።

ከፍታውም ራሱ አሠልጣኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ቀላል ሩጫን አስፈጥኖ ለመሮጥ የሚሞክር ሰው ትንፋሹ ወዲያው ያስቆመዋል። ልጓሙ ከተፈጥሮ የተሰጠ ነው።

ውድብሪጅ ግን በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ሳይል የተቀመጠ ከተማ ነው። በዚያ ልጓም የለም። የ16 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በደልዳላ የእግረኛ መንገድ ላይ ይሮጣል፤ በእጁ የታሰረው ሰዓት በየማይሉ ይጮኻል፤ ሩጫው ሲያበቃ ፍጥነቱ በስልክ መተግበሪያ ላይ ወጥቶ ጓደኞቹ ያዩታል። ትላንት 7:30 የሮጠውን ማይል ዛሬ በ7:10 ካልሮጠ የተሸነፈ ይመስለዋል። ቀላል የተባለው ሩጫ እንዲህ እያለ የሚያደክም ግን የማያፈጥን፣ ለቀላል የከበደ ለጠንካራ የቀለለ የመሀል ሩጫ ሆኖ ይቀራል። በነጋታው መም ላይ ሲወጣ እግሩ የደከመ ስለሆነ ፈጣኑንም በሚገባው ፍጥነት አይሮጠውም። ወላጆች ከአገር ቤት ይዘው የመጡት የክብረ ወሰኖቹን ዝና ነው፤ ዝግታው ከኋላ ቀርቷል።

ሳይንሱ በዚህ ነጥብ ላይ በአመዛኙ ይስማማል። በኖርዌይ አግደር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለር በበረዶ ሸርታቴ፣ በጀልባ ቀዘፋ፣ በብስክሌትና በሩጫ የላቁ ስፖርተኞችን መዝገብ ሲመረምር ከልምምዶቻቸው 80 በመቶ ያህሉ በቀላል ግፊት የሚሠሩ፣ የቀሩት ጠንካራ እንደሆኑ አስተውሏል። በ2007 የታተመ የስፔናውያን ጥናት ደግሞ ይህንኑ በሯጮች ላይ ፈትኖታል። 12 ሯጮች በሁለት ተከፍለው ለአምስት ወራት ሠለጠኑ። የሁለቱም ቡድኖች ጠቅላላ ጫናና የፈጣን ሩጫ ድርሻ ተመሳሳይ ነበር። ልዩነቱ አንደኛው ቡድን ከሩጫው አራት አምስተኛውን በቀላል ሲሮጥ ሌላው በቀላል የሮጠው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሆኖ የቀረውን በመሀል ፍጥነት መሙላቱ ነው። በመጨረሻው የ10.4 ኪሎ ሜትር ፈተና ቀላሉን ያበዛው ቡድን መሻሻል ከሌላው በግማሽ ደቂቃ በለጠ። 12 ሰው ጥቂት ነው፤ 10 ኪሎ ሜትርም 800 ሜትር አይደለም። ነገር ግን ጥናቱ የሚጠቁመው አቅጣጫ ከእንጦጦው ልማድ ጋር አንድ ነው።

የኖርዌዮቹ የኢንገብሪግትሰን ወንድማማቾች ስኬት ይህን የሚቃረን የሚመስላቸው አሉ። ያኮብ ኢንገብሪግትሰን በ2021 በቶኪዮ የ1500 ሜትር ወርቅ ያገኘው በሳምንት ብዙ ኪሎ ሜትር እየሮጠ፣ ከዚያም ውስጥ ጥቂት የማይባለውን በመሀል ፍጥነት፣ አንዳንዴ በቀን ሁለት ጊዜ እየሠራ ነው። ዘዴው በዓለም ዙሪያ ተቀድቷል። ቀጂዎቹ የዘለሉት ግን በሩጫው መሀል ከሰውነት የደም ጠብታ እየተወሰደ የላክቴት መጠን መለካቱን ነው። መለኪያው የተፈለገው ሯጩ እንዲፈጥን ሳይሆን ከተወሰነለት በላይ እንዳይፈጥን ነው። የ16 ዓመት ልጅ ያለ መለኪያ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተፎካከረ ያንኑ "የኖርዌይ ዘዴ" ሲሞክር የሚሠራው ሌላ ነገር ነው።

ሰሜን ቨርጂኒያ በዚህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። ከውድብሪጅ ብዙም በማይርቀው በሬስተን፣ በሳውዝ ሌክስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማር የነበረው አለን ዌብ በግንቦት 2001 ማይልን በ3:53.43 ሮጦ ጂም ራየን ከ1965 ጀምሮ የያዘውን የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2007 ደግሞ በ3:46.91 የአገሪቱን ክብረ ወሰን ያዘ። ይህ ሰዓት ለ16 ዓመታት ቆይቶ በመስከረም 2023 በዩጂን ኦሬገን በ3:43.97 የተሻሻለው ከኢትዮጵያ በመጡ ወላጆች በኬንታኪ ባደገው በያሬድ ንጉሤ ነው። ያሬድ ገና በሕፃንነቱ ለክብር የታጨ አልነበረም፤ ሩጫን የጀመረው ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ ነው። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ አልፎ በጭኑ ላይ በደረሰ ጉዳት ሳይሮጥ ቀርቷል። በዩኒቨርሲቲም ከዚያም በኋላ ዓመት በዓመት ላይ እየጨመረ ነው ከፓሪሱ ነሐስ የደረሰው። በ15 ዓመቱ ሁሉን ነገር ማግኘት አለበት ተብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ይህን የጊዜ ሰሌዳ ቢያስተውለው መልካም ነው።

ጭንቀቱ ግን ምክንያት አለው። ብዙ ወላጆች ሩጫን የሚያዩት እንደ ዩኒቨርሲቲ በር ነው። በሩ ጠባብ ነው፤ እስከ ቅርብ ዓመት ድረስ በከፍተኛው የዩኒቨርሲቲዎች ምድብ አንድ የወንዶች ቡድን ለሩጫ፣ ለዝላይና ለውርወራ በሙሉ የሚከፋፈል 12.6 ሙሉ የነጻ ትምህርት ዕድል ብቻ ነበረው። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ አንድ ዓመት የቀረው ልጅ ሰዓት እንዲያስመዘግብ ግፊቱ ይበረታል። በዚህ ላይ የትምህርት ቤቶቹ የውድድር ሰሌዳ እረፍት አይሰጥም። ከመስከረም እስከ ኅዳር አገር አቋራጭ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የቤት ውስጥ፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ የመም ውድድር አለ። በሦስቱም ወቅቶች የሚሮጥ ልጅ ዘጠኝ ወር ሙሉ ይወዳደራል። የሊዲያርድ ቅደም ተከተል በዚህ ሰሌዳ ውስጥ ቦታ የለውም። ከትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ሌላ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያሠራው ሁለተኛ አሠልጣኝ ሲጨመርና ሁለቱ ሳይነጋገሩ እያንዳንዳቸው ጠንካራ ልምምድ ሲሰጡ የልጁ ሳምንት ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

ጉዳት ሲመጣ ጥፋተኛ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ሳምንታዊው ርቀት ነው። በየሳምንቱ ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር የሚለው ሕግ በሯጮች ዘንድ እንደ አሥርቱ ትእዛዛት ይነገራል። በ2008 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ጀማሪ ሯጮችን በዚህ ሕግ ከሚጨምሩትና ፈጠን ብለው ከሚጨምሩት ጋር ሲያነጻጽር በጉዳት ረገድ ልዩነት አላገኘም፤ በሁለቱም ወገን ከአምስት አንድ ያህሉ ተጎድቷል። በ2025 ይፋ የሆነው፣ ከ5 ሺህ በላይ ሯጮችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ከጉዳት ጋር የተያያዘው የሳምንቱ ድምር ሳይሆን አንድ ቀን ሳይታሰብ የሚረዝም ሩጫ መሆኑን አሳይቷል። ባለፉት 30 ቀናት ከተሮጠው ረጅሙ ሩጫ ከ10 በመቶ በላይ የሚበልጥ አንድ ሩጫ አደጋውን ይጨምራል። ሳምንቱን ሙሉ ሳይሮጥ ቆይቶ እሑድ 12 ማይል በአንድ ጊዜ የሚሮጥ ልጅ ድምሩ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ ቅልጥሙ ግን ድምር አያውቅም።

ልብና ሳንባ በሳምንታት ይጠነክራሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ትንፋሹ ገና አልደከመም ሲል አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በልጃገረዶች ዘንድ የወር አበባ መዛባት ወይም መቋረጥ ሰውነት ለሚሠራው ሥራ የሚበቃ ምግብ እንዳላገኘ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ አጥንትንም ያሳሳል። ይህ "ስፖርተኛ ስለሆነች ነው" ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ጉዳይ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚነሣ፣ የአሜሪካ አሠልጣኞች ሳይነገራቸው ሊያውቁት የማይችሉት ሌላ ነገር አለ። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚውሉት የመም ውድድር በሚጀመርበት ወቅት ነው፤ ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት በዚያው አካባቢ ይውላል። የሚጾም ልጅ መሮጥ አይችልም ማለት አይደለም። ነገር ግን እስከ ቀትር ምንም ሳይቀምስ ውሎ ከሰዓት በኋላ ስምንት ጊዜ 400 ሜትር በፍጥነት መሮጥና 5 ማይል በዝግታ መሮጥ እኩል አይደሉም። ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ ያለ ብረት ማዕድን ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ስለሆነ ሽሮና ምስር ሲበላ ብርቱካን ወይም ቲማቲም አብሮ መገኘቱ ይረዳል። በጾም ሳምንታት ጠንካራው ልምምድ ይቀነስ፣ ቀላሉ ይቆይ። አሠልጣኙም ምክንያቱን ከወላጅ አፍ ይስማ፤ ልጁ አፍሮ ሳይናገር ቀርቶ ሰነፍ ተብሎ እንዳይፈረጅ።

እንግዲህ የውድብሪጅ ልጅ በሳምንት ስንት ማይል ይሩጥ? ሩጫን ለጀመረ የ14 ዓመት ልጅ 20 ማይል በቂ ነው፤ ሦስት ዓመት ሳይጎዳ ለሠራ የ17 ዓመት የ1600 ሜትር ሯጭ 40 ወይም 45 ማይል አይበዛበትም። ለ400 እና ለ800 የሚያደላ ልጅ ከዚህ በጣም ባነሰ ርቀት ጥሩ ሊሮጥ ይችላል። በየትኛውም ርቀት ላይ ግን ጠንካራ ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ውድድር ካለ ውድድሩ ራሱ አንዱ ነው። ከቀላል ሩጫ በኋላ ሳይጨናነቁ 100 ሜትር ያህል አራት አምስት ጊዜ ፈጠን ብሎ መሮጥ ዓመቱን ሙሉ ፍጥነትን ሳያደክም ያቆያል፤ የኮ ትምህርት ከሊዲያርድ ጋር የሚታረቀው እዚህ ላይ ነው። በቀሩት ቀናት ልጁ እየሮጠ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥበት ማውራት መቻል አለበት። ካልቻለ ፈጥኗል።

ለዚህ የሚሆን ቦታ ሩቅ አይደለም። ከውድብሪጅ ጥቂት ማይል ወደ ደቡብ ሲኬድ የፕሪንስ ዊሊያም ፎረስት ፓርክ ይገኛል፤ በውስጡ ከ30 ማይል በላይ የአፈር መንገድ አለው። ዳገቱ፣ ቁልቁለቱና የዛፉ ሥር ሯጩን በግድ ያዘገዩታል። ጥቅጥቅ ባለው ዛፍ ሥር የእጅ ሰዓቱ የሚያሳየው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ስለሚዛባ ሰዓቱን ማመን ይቀራል፤ ይህም በራሱ ጥቅም ነው። የመም ውድድር በሰኔ ካበቃ በኋላ አገር አቋራጭ እስኪጀመር ያሉት አሥር ሳምንታት፣ በአገር ቤት ክረምት በሆነበት ጊዜ፣ በዓመቱ ውስጥ ውድድር የሌለባቸው ብቸኛ ረጅም ሳምንታት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለእረፍት ቢሆኑ ስምንት ይቀራሉ። የቨርጂኒያ የሐምሌ ሙቀትና ወበቅ ከባድ ስለሆነ ሩጫው ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ቢጀመር ይሻላል፤ በቡድን ቢሆን ደግሞ በጣም ዝግ የሚለው ልጅ ከፊት ይምራ።